180ው ቀን ይነሳ ወይስ ይቆይ? የአሳይለም አመልካቾች የሥራ ፈቃድ ክርክር

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ አንድ ነው። አሜሪካ ገብቶ ጥገኝነት (አሳይለም) የጠየቀ ሰው ማመልከቻው ከገባ 150 ቀን ሳይሞላ የሥራ ፈቃድ (ወርክ ፐርሚት) መጠየቅ አይችልም፤ ፈቃዱም 180 ቀን ሳይሞላ አይሰጠውም። ይህ መጠበቂያ ይነሳ ወይስ ይቆይ? በ2023 የሜይኗ ሴናተር ሱዛን ኮሊንስና ባልደረቦቻቸው ወደ 30 ቀን እንዲወርድ ረቂቅ አቅርበው ነበር፤ ሳይጸድቅ ቀርቷል። ደንባችን ያው ነው፦ የራስን ኬዝ እዚህ መዘርዘር የለም፣ የሰውም የቢሮም ስም እየጠሩ መክሰስ የለም።

ጋሽ ታደሰ፦
እኔ ይቆይ ባይ ነኝ። ይህ ቀን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እስከ 1994 መጨረሻ ድረስ አሳይለም ያስገባ ሰው፣ ማመልከቻው ጨርሶ መሠረተ ቢስ ካልተባለ በቀር፣ ጉዳዩ ሳይወሰን ፈቃድ ይወጣለት ነበር። ውጤቱን የሚያስታውስ ያስታውሳል። አንድ ዓይነት ታሪክ እየገለበጠ የሚሸጥ ጸሐፊ በዛ፣ ክምሩ ከመርማሪዎቹ አቅም በላይ ሆነ፣ በእውነት የተሳደደው ሰው ከወረፋው ሥር ተቀበረ። የያኔው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ከጃንዋሪ 1995 ጀምሮ ፈቃዱን ከማመልከቻው ለየው፤ ኮንግረስም በ1996 ሕግ 180ውን ቀን አጸናው። ከዚያ በኋላ አዲስ ማመልከቻ በግልጽ ቀነሰ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በ30 ቀን የሚታደል ፈቃድ መጀመሪያ የሚጎዳው እውነተኛውን ስደተኛ ነው።

ሰብለ፦
ጋሽ ታደሰ፣ የነገሩን ግማሹን ነው። ያው የ1996 ሕግ ለመንግሥትም ቀን ቆርጦለታል፦ ቃለ መጠይቅ በ45 ቀን፣ ውሳኔ በ180 ቀን። መጠበቂያው ትርጉም የነበረው ከዚህ ጋር ሲሄድ ነው። ኬዙ በስድስት ወር ያልቃል፤ የተፈቀደለት ሥራ ይገባል፣ የተከለከለው ፈቃድ ሳያይ ይቀራል። አሁን በአሳይለም ቢሮዎች የተከመረው ማመልከቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ነው። በ2018 ደግሞ አዲስ የገባው ቀድሞ እንዲታይ የሚያደርገው አሠራር ስለተመለሰ፣ መሃል ላይ የቀረው ዓመታት ይጠብቃል። ስለዚህ ዛሬ 180ው ቀን እውነቱን ከውሸቱ አይለይም። ሁለቱንም እኩል ስድስት ወር ያለ ገቢ አስቀምጦ፣ ሲሞላ ለሁለቱም እኩል ይሰጣል። መንግሥት የራሱን ግማሽ ሳይፈጽም አመልካቹ ብቻውን ለምን ይያዛል?

ጋሽ ታደሰ፦
ሰብልዬ፣ አይለይም ማለት አያግድም ማለት አይደለም። ታሪክ ገዝቶ ለሚመጣ ሰው ስድስት ወር ያለ ደመወዝ መቀመጥ ከባድ ዋጋ ነው፤ አንዳንዱን ያስተወዋል። ውሳኔው በዘገየ ቁጥር ደግሞ ፈቃዱ ራሱ ዋናው ጥቅም ይሆናል፦ ኬዙ ቢወድቅም እስኪወድቅ ዓመታት ተሠርቶበታል። የሚፈታው መርማሪና ዳኛ ሲጨመር ነው እንጂ በሩ ሲላላ አይደለም።

ኤልያስ፦
ሁለታችሁም 180ው ቀን በእውነት 180 ቀን እንደሆነ አድርጋችሁ ነው የምትከራከሩት። አይደለም። ቀኑን የሚቆጥረው ሰዓት ይቆማል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም እዚያ ላይ ነው።

ሰዓቱ የሚጀምረው የጥገኝነት ማመልከቻ ቅጹ፣ አይ-589፣ ተሟልቶ ከገባበት ቀን ነው። በጎደለ ገጽ ወይም በጎደለ ፊርማ የተመለሰ ማመልከቻ ሰዓት አያስጀምርም። ኬዙ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ያለ ሰው ቅጹን ማስገባት ያለበት ለፍርድ ቤቱ ነው፤ የአሳይለም ቢሮዎቹን ለሚያስተዳድረው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ ለዩኤስሲአይኤስ፣ በፖስታ ከላከው ይመለስለታል። ተመልሶ እስኪደርሰው ወራት ያልፋሉ፤ አንዳንዴም አገር ከገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት የሚለው ገደብ አብሮ ያልፋል። ያ ከወርክ ፐርሚት የባሰ ጉዳት ነው።

ከተጀመረ በኋላ አመልካቹ ባመጣው መዘግየት ሁሉ ይቆማል። የአሻራ ቀጠሮ ቀረ፣ ቆመ። የቃለ መጠይቅ ቀን ይቀየርልኝ አለ፣ ቆመ። በአሳይለም ቢሮ ከሴፕቴምበር 13 ቀን 2023 ወዲህ አስተርጓሚ ይዞ መምጣት የአመልካቹ ግዴታ ነው። አስተርጓሚው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ የራሱ ጠበቃ ወይም ምስክር፣ ወይም የአገሩ መንግሥት ሠራተኛ ከሆነ አይቀበሉትም። ያለ አስተርጓሚ ወይም የማይፈቀድ ሰው ይዞ የሄደ አመልካች ቃለ መጠይቁ ይቀርበታል፣ ሰዓቱም ይቆማል። በፍርድ ቤት አስተርጓሚ የሚያቀርበው ፍርድ ቤቱ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።

ፍርድ ቤት ላይ ያለው ወጥመድ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ዳኛው ጠበቃ ለመፈለግ ጊዜ ትፈልጋለህ ይላሉ። ማንም ሰው አዎ ይላል፤ መብቱም ነው። ማመልከቻው አስቀድሞ ገብቶ ከሆነ ግን ያቺ አዎ ሰዓቱን እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ታቆመዋለች፤ ቀጣዩ ቀጠሮ ከስምንት ወር በኋላ ከሆነ ስምንት ወር። ዳኛው ቀረብ ያለ ቀን ሲሰጡ ጠበቃው አይመቸኝም ካለም እንደዚያው። ከቴክሳስ ወደ ሜሪላንድ ኬዙ ይዛወርልኝ ማለትም ያቆማል። ስለዚህ 180ው ቀን ለአንዱ ስድስት ወር ነው፣ ለሌላው አንድ ዓመት ተኩል። ይህንን ጋሽ ታደሰ እንዴት ያዩታል?

ጋሽ ታደሰ፦
ጠበቃ ፍለጋ ሰዓት ማስቆሙ ትክክል አይደለም፤ እዚያ ላይ አልከራከርም። ቀጠሮ ሆን ብሎ ለሚያስረዝም ግን መቆም አለበት።

ማርታ (ቶሮንቶ)፦
ከድንበር ማዶ ያለውን ላስገባ። ካናዳ የጥገኝነት ጠያቂው የሥራ ፈቃዱን የሚጠይቀው እዚያው ማመልከቻው ላይ ነው። አሻራ ይሰጣል፣ በተመደበ ሐኪም የጤና ምርመራ ያደርጋል፤ ምርመራው የሚሸፈነው በፌደራሉ የጤና ፕሮግራም ነው። እነዚህ ሲያልቁ ፈቃዱ ይወጣል፤ ክፍያ የለበትም፣ ከአንድ ቀጣሪ ጋርም አያስርም። እዚህ የሚያዘገየው ሕጉ ሳይሆን የጤና ምርመራው ነው፦ ቀጠሮውን ያቆየ ሰው ፈቃዱንም ያቆያል። አውሮፓ ኅብረት በ2013 መመሪያው ያለ ሥራ እስከ 9 ወር ማስጠበቅን ይፈቅድ ነበር፤ የ2024ቱ ወደ 6 ወር አውርዶታል፣ አገሮቹ በሕጋቸው የሚያስገቡበት ቀነ ገደብም ጁን 2026 ነው። እንግሊዝ ጭራሽ 12 ወር ነው፤ ከዚያም በኋላ በተወሰኑ ሙያዎች ብቻ። ስለዚህ አሜሪካ መሃል ላይ ናት። ግን በእኔ አስተያየት መለኪያው የቀኑ ብዛት አይደለም፤ ሰውየው እስከዚያ ምን ይበላል የሚለው ነው። አውሮፓ መጠለያና መጠነኛ ድጎማ እየሰጠ ነው ጠብቅ የሚለው። አሜሪካ ድጎማውንም ሥራውንም ከልክላ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦
ማርታ፣ የካናዳም ወረፋ እኮ አጭር አይደለም።

ማርታ፦
አይደለም። ወረፋ እየጠበቁ ግብር ይከፍላሉ።

ዮናስ፦
በቀጣሪ በኩል ያለውን እኔ ልንገራችሁ፤ የሠራተኛ መዝገብ ለሚይዝ ሰው የመጀመሪያው 180 ቀን ትንሹ ችግር ሆኗል። ትልቁ እድሳቱ ነው።

ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ የሥራ ፈቃድ ካርዱ ለአምስት ዓመት ይሰጥ ነበር። ከዲሴምበር 5 ቀን 2025 ወዲህ ለሚወሰኑት ግን ከ18 ወር አያልፍም። ቀድሞ የወጣ የአምስት ዓመት ካርድ በላዩ ላይ እስካለው ቀን ይሠራል፤ ሳያስፈልግ የሚጨነቅ ሰው ብዙ ስላለ ነው ይህን የምለው። ሁለተኛ፣ እድሳት ያስገባ ሰው በደረሰኙ ብቻ እስከ 540 ቀን የሚሠራበት አሠራር ከኦክቶበር 30 ቀን 2025 ጀምሮ ለሚገቡ ማመልከቻዎች ቀርቷል። ስለዚህ ካርዱ ያለቀበት ቀን ቀጣሪው ሰውየውን ከሥራ ማቆም አለበት፤ ሠራተኛው የመሥራት መብት እንዳለው የሚመዘገብበትን ቅጽ አይ-9ን እንደገና ማረጋገጥ ግዴታው ነው። ጥሩ ሠራተኛ ነው፣ እንታገሠው ማለት አይቻልም፤ ቅጣቱ ቀጣሪው ላይ ነው።

እድሳት ካርዱ ሊያልቅ 180 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ይገባል። የ18 ወር ካርድ ማለት እንግዲህ ካርዱ በወጣ በ12ኛው ወር ማመልከት ማለት ነው። በዚያው ቀን የማያስገባ ሰው ያለ ሥራ ለሚቀርበት ጊዜ ራሱን ያጋልጣል።

ገንዘቡን ደግሞ ደምሩት። በጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሕግ ለአሳይለም ማመልከቻው 100 ዶላር፣ ኬዙ ሳይወሰን ለሚቆይበት ለእያንዳንዱ ዓመት 100 ዶላር፣ ለመጀመሪያው የሥራ ፈቃድ 550 ዶላር በመነሻው ተቆርጦ ነበር። በፊት የመጀመሪያው ነፃ ነበር። እድሳቱ ላይ በ2025 275 ዶላር ከመደበኛው ክፍያ ጋር ይደመር ነበር፤ በኦንላይን 745፣ በወረቀት 795 ይሆን ነበር። ይማሩልኝ ብሎ የክፍያ ነፃነት መጠየቅ በአዲሶቹ ክፍያዎች ላይ አይሠራም። ታሪፉ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ስለሚስተካከል በሚያስገቡበት ዕለት ማየት ነው። አሁን ልጠይቅ፦ ስድስት ወር እንዳይሠራ የተከለከለ ሰው ይህን ገንዘብ ከየት ነው የሚያመጣው?

ሰብለ፦
ዮናስ በክፍያው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ፖስታ የሚመለሰው በዚህ ነው። ከኦክቶበር 28 ቀን 2025 በኋላ ዩኤስሲአይኤስ ለወረቀት ማመልከቻ ቼክም መኒ ኦርደርም አይቀበልም። በካርድ ከሆነ ቅጽ ጂ-1450፣ ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ ከሆነ ጂ-1650 ተሞልቶ ይያያዛል። ካርዱ ላይ በቂ ገንዘብ ከሌለ ማመልከቻው ውድቅ ሆኖ ይመለሳል። አዲስ የመጣ ሰው ካርድ ስለሌለው የዘመድ ካርድ መጠቀም ይችላል፤ ባለ ካርዱ ራሱ ይፈርማል።

የሥራ ፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ አይ-765 ላይ ምድቡን ሲ8 (የአሳይለም አመልካቾች ምድብ) ብሎ መጻፍ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እዚያው ቅጽ ላይ መጠየቅ። ይህን ያለፈ ሰው ካርዱ ከመጣ በኋላ ቢሮ ሄዶ ሌላ ወረፋ ይይዛል። የቅጹ እትም ቀን ከገጹ ግርጌ አለ፤ ያለፈበት እትም ይመለሳል። ቀኑን ስትቆጥሩ ከደረሰኙ ቀን ነው፦ ደረሰኙ ጃንዋሪ 10 ቀን 2026 ካለ፣ ሰዓቱ ካልቆመ፣ 150ኛው ቀን ጁን 9፣ 180ኛው ጁላይ 9 ነው። ቀድሞ የገባ ማመልከቻ ሊከለከል ይችላል፤ ከተከለከለ ገንዘቡ አይመለስም። ፍርድ ቤት ያላችሁ ከማስገባታችሁ በፊት በኤ-ቁጥራችሁ (በኢሚግሬሽን መለያ ቁጥራችሁ) በፍርድ ቤቱ የስልክ መስመር ደውላችሁ ሰዓቱ ስንት ላይ እንዳለ ስሙ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ካርዱ ወጥቶ የሚጠፋው ነው። ሰውየው የዘመድ ቤዝመንት ነው የሚኖረው፤ የፖስታ ሳጥኑ ላይ ያለው ስም የባለቤቱ ነው። ፖስተኛው የማያውቀውን ስም ሲያይ ይመልሰዋል። ቅጹ ላይ አድራሻው ጋ «በእገሌ በኩል» የሚል ቦታ አለ፤ የቤቱ ባለቤት ስም እዚያ ይጻፍ፣ ሳጥኑም ላይ የአመልካቹ ስም በወረቀት ይለጠፍ። ቤት የቀየረ በ10 ቀን ውስጥ የአድራሻ ለውጥ ቅጹን ኤአር-11 ያስገባ፤ ለፖስታ ቤት ብቻ መናገር አይበቃም፣ የፍርድ ቤቱ አድራሻ ለውጥም ለብቻው ነው።

ጋሽ ታደሰ፦
ክፍያው ላይ ከእናንተ ጋር ነኝ። ጠብቅ ማለት አንድ ነገር ነው፣ ጠብቀህ ስታበቃ ይህን ያህል ክፈል ማለት ሌላ። እኔ የምከላከለው መጠበቂያውን ነው።

ኤልያስ፦
መጠበቂያው የሚያመጣውን ግን አብረው ይከላከሉ። ሰው አይጠብቅም፤ በጥቁር ገበያ ይሠራል። ያለ ፈቃድ መሥራት በራሱ አሳይለም አያስከለክልም፤ ግን በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በዲቪ ወይም በቀጣሪ፣ ግሪን ካርድ ልጠይቅ ቢል እንቅፋት ሊሆንበት ይችላል። የሰው ሶሻል መጠቀም ወንጀል ነው። ከሁሉ የከፋው አይ-9 ላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ሳጥን ናት። አራት ሳጥን አለ፣ የመጀመሪያው የአሜሪካ ዜጋ ነኝ ይላል። ቶሎ እንዲቀጠር ብሎ እዚያ ላይ ምልክት ያደረገ ሰው በሐሰት ዜግነት መጠየቅ ውስጥ ይገባል፤ በኋላ ትዳር ቢይዝ እንኳን ግሪን ካርድ የሚዘጋ ነገር ነው፣ ይቅርታውም በጣም ጠባብ ነው። ስድስት ወር አስርቦ እንዲህ ያለ ወረቀት ፊት ማቅረብ ሕጉ ራሱ የሚያዘጋጀው ወጥመድ ነው እላለሁ።

ጋሽ ታደሰ፦
ወጥመዱን ያዘጋጀው ሕጉ አይደለም፤ ሳጥኑን ምልክት አድርግ የሚለው ደላላ ነው። ግን የምቀበለውን ልናገር። አንድ፣ ሰዓቱ ጠበቃ ለመፈለግና ኬዝ ለማዛወር አይቁም። ሁለት፣ መንግሥት ቃለ መጠይቁን በ45 ቀን ካላደረገ መጠበቂያው በዚያው ይውደቅ፤ ሰብለ እንዳለችው ቀኑ ለሁለቱም ይሁን። በ45 ቀን የጠራው ሰው ግን 180ውን ይጠብቅ። 30 ቀን ለሁሉም የሚለውን አልፈርምም።

ሰብለ፦
ሁለተኛውን እኔም እፈርማለሁ። ግን ጋሽ ታደሰ፣ ይህ ለፍርድ ቤት ኬዞች አይሠራም፤ የ45 ቀን ቃለ መጠይቅ እዚያ የለም። ለእነርሱ ምን ቀን ያስቀምጣሉ?

ጋሽ ታደሰ፦
የመጀመሪያው ቀጠሮ ከማመልከቻው በ90 ቀን ካልተያዘ፣ እንደዚያው ይውደቅ።

ኤልያስ፦
90ው ይበዛል፤ 60 ይሁን። በተረፈ እስማማለሁ።