«አንሬዲ» የተባለው የንጉሥ ቅጽል በአማርኛ ምን ይባል?

ጥያቄ፦ ተርጓሚው

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጥንት እንግሊዝ ነገሥታት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ሳለ በዳግማዊ ኤተልሬድ ቅጽል ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ንጉሡ ከ978 እስከ 1016 ድረስ፣ በመካከል ለጥቂት ጊዜ ከመሰደዱ በቀር፣ ዙፋን ላይ የነበረ ሲሆን (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዞች «ኤተልሬድ ዘ አንሬዲ» ይሉታል። በመጀመሪያው ረቂቄ «ያልተዘጋጀው ኤተልሬድ» ብዬ ጻፍሁ። ይሁን እንጂ ደግሜ ሳነበው አልጣመኝም፤ ምክንያቱም ታሪኩ የሚናገረው ስለ ዝግጅት ማነስ ሳይሆን፣ የቫይኪንግ ወራሪዎች በመጡ ቁጥር በብር እየተሸኙ ስለ መመለሳቸው ነው። በ991 10,000 ፓውንድ የነበረው ክፍያ በ1012 48,000 ደርሷል። ቅጽሉ ዛሬ ከምናውቀው ትርጉም ሌላ ፍቺ ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ የጥንት ቃል ወዳጅ

«ያልተዘጋጀው» የሚለውን ይተዉት። ስሕተቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የቋንቋው ባለቤቶችም ቢሆኑ አብዛኞቹ ቃሉን የሚረዱት እንደዚያው ነው።

ቅጽሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ኡንሬድ» ነበር። «ሬድ» ማለት ምክር ነው፤ «ኡን» ደግሞ አፍራሽ ቅጥያ ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ ክፉ ምክር፣ ያልተመከረበት ውሳኔ፣ ሞኝነት የሚል ፍቺ ይሰጣሉ። ዝግጁ ለሚለው የሚያገለግለው «ሬዲ» ከሌላ ቃል የመጣ ነው። «ሬድ» ከሰዎች አፍ እየጠፋ ሲሄድ፣ ፍቺው የተሰወረበት ሰሚ በድምፅ የሚቀርበውን ሕያው ቃል በቦታው ተካ፤ ምክሩም ዝግጅት ሆኖ ቀረ።

አሁን የንጉሡን ስም ራሱን ይፍቱት። «ኤተል» ክቡር፣ ከትልቅ ዘር የተወለደ ማለት ሲሆን «ሬድ» ያው ምክር ነው። እንግዲህ የሰውየው የልደት ስም «ክቡር ምክር» ነበር፤ ቅጽሉም የገዛ ስሙን መልሶ ይመታዋል። አማርኛ እዚህ ላይ ታድሏል፤ «ምክረ ቢስ» የሚል ቃል አለንና። «ክቡር ምክር ምክረ ቢሱ» ብለው ጮክ ብለው ያንብቡትና ጥንታዊው ቃል የሚገባው ሰው የሰማውን ይሰማሉ። ይህን ውበት ያለ ግርጌ ማብራሪያ ሊያስተላልፍ የሚችል ቋንቋ ብዙ አይመስለኝም።

«ሬድ» ከእንግሊዞች ዕለታዊ ንግግር ቢወጣም ዘመዶቹ አልጠፉም። ጀርመኖች ምክርን እስከ ዛሬ «ራት»፣ የከተማ ምክር ቤት ሕንፃን «ራትሃውስ» ይላሉ። እንግሊዝኛ ለማንበብ የሚጠቀምበት ግስም «መከረ፣ ፈታ፣ ተረጎመ» ከሚለው ከዚያው ጥንታዊ ግስ የወረደ ነው፤ «ሪድል» የሚሉት እንቆቅልሽም ከዚያው ይመዘዛል።

መልስ፦ የታሪክ አንባቢ

ከላይ በተሰጠው ፍቺ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ትርጉምዎ ውስጥ «በዘመኑ የነበሩ ሰዎች እንዲህ ይሉት ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ቅጽሉ በጽሑፍ የተገኘው በ1180ዎቹ፣ ንጉሡ ከሞተ ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ቃሉ ግን ከዘመኑ ጋር ትውውቅ አለው። የአንግሎ ሳክሶን (የጥንት እንግሊዞች) ዜና መዋዕል፣ ካንተርበሪ በተዘረፈችበት በ1011 ሥር፣ መከራው ሁሉ የደረሰብን በ«ኡንሬድ» ነው ይላል፤ ግብሩ በጊዜው አይከፈልም፣ ጦርነቱም በጊዜው አይገጠምም፣ ዕርቅ የሚለመነው አገሩ ከጠፋ በኋላ ነው። ጸሐፊው ቃሉን በብዙ ቁጥር መጠቀሙን ልብ ይበሉ፤ የሚወቅሰው አንድን ሰው ሳይሆን ተደጋጋሚ ክፉ ውሳኔዎችን ነው። ስለዚህም ለንጉሡ ፍርደ ገምድል እንዳንሆን እፈልጋለሁ፤ ወንድሙ ኤድዋርድ ተገድሎ ሲነግሥ ገና ልጅ ነበር።

እኛ «መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» እንላለን። ኤተልሬድ ከ40 ዓመት ጥቂት ለሚያንስ ዘመን ነግሧል፤ «ዊታን» የተባለ የመማክርት ጉባኤም ነበረው። መካሪ አላጣም፤ ከመካሪዎቹ አንዱ ኤድሪክ ስትሪዮና በ1015 ከድቶ ወደ ዴንማርካዊው ወራሪ ክኑት ተሻግሯል። ስለዚህ «መካሪ የሌለው» ብለው እንዳይተረጉሙት፤ የጎደለው መካሪ ሳይሆን ምክሩ ነው።

መልስ፦ አላፊ አንባቢ

«መላ ቢሱ ኤተልሬድ» ቢባልስ? ለጆሮ ይበልጥ የለመደ ነው፤ ለወራሪ ገንዘብ እየከፈለ ሌላ ወራሪ ለሚጋብዝ ንጉሥም የሚስማማ ይመስለኛል።

ተርጓሚው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «መላ ቢሱ» የሰውየውን ሁኔታ በደንብ ይገልጻል፤ ሆኖም በስሙ ውስጥ ካለው «ምክር» ጋር ስለማይገናኝ ጨዋታው ይቀርብኛል፤ በ«ምክረ ቢሱ» እጸናለሁ። ዐረፍተ ነገሩን እንዲህ አርሜዋለሁ፦ «የስሙ ፍቺ ‹ክቡር ምክር› የነበረው ኤተልሬድ፣ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ‹ምክረ ቢሱ› የሚል ቅጽል በጽሑፍ ተገኘለት።» «ያልተዘጋጀው» የሚለውን ከረቂቁ ሦስት ቦታ ላይ ሰርዣለሁ።