የግልገል ዓባይ አፍ ረግረግ፦ ወንዙን መጥለፍ ይሻላል ወይስ ደለሉን ማውጣት?

ቁንዝላ_ማዶ፦

ሰላም ለቤቱ። ግልገል ዓባይ ጣናን በሚቀላቀልበት በጭምባ በኩል፣ ድሮ ደንገል የነበረ፣ ዛሬ ግን ከፊሉ የሚታረስ ከፊሉ የከብት መዋያ የሆነ 40 ሄክታር ያህል መሬት ወደ ረግረግነት ለመመለስ ዕቅድ ሊጻፍ ነው። ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን ድሬጀር ይምጣና ከወንዙ አፍ ደለሉን መጥጦ መሬቱ ላይ ይድፋው፣ የወንዙም አፍ ይከፈታል፣ መሬቱም ከፍ ይላል ባይ ነው። ሌላው የወንዙን ዳር ቆርጠን የክረምቱን ጎርፍ እንልቀቅበት ይላል። የድሬጀሩ ወገን ሚሲሲፒ ወንዝ ባሕር የሚገባባትን የአሜሪካ ግዛት ሉዊዚያናን እየጠቀሰ «አሜሪካኖቹ እንኳ ሚሲሲፒን መጥለፍ ጀምረው ተዉት» ይላል። ነገሩ ለእኛ ይሠራል ወይ? በትንሽ ገንዘብ የሚቻለውስ የቱ ነው? የምታውቁ ዘርዝሩልን።

ደለል_መዛኝ፦

መተዋቸው እውነት ነው። ለምን እንደተዉት ግን ኮሚቴው ውስጥ የተነገረ አይመስልም።

ሚሲሲፒ እ.ኤ.አ. ከ1927ቱ ታላቅ ጎርፍ በኋላ ግራና ቀኙ በአፈር ክትር ታጠረ። ከዚያ ወዲህ ሞልቶ ወደ ረግረጉ የሚያፈሰው ደለል ቆመ። ላይኛው ተፋሰስ ላይ የተሠሩት ግድቦች ደግሞ ከቀድሞው ደለል ግማሽ ያህሉን አስቀሩት። መሬቱ በራሱ ክብደት ይሰምጣል፣ ለነዳጅ ፍለጋ የተቆፈሩት ቦዮች ጨዋማ ውሃ ያስገባሉ፣ ባሕሩም ከፍ እያለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ 5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት ውሃ ውጦታል፤ ይህ ከጣና ሐይቅ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል።

የተሰረዘው ሚድ ባራታሪያ የተባለው ጠለፋ ነው። በሰኮንድ 2,100 ሜትር ኩብ ገደማ እንዲያሳልፍ የታሰበ ሲሆን፣ በሩ በሰፊው የሚከፈተው ወንዙ በሰኮንድ ከ12,700 ሜትር ኩብ ሲያልፍ ብቻ ነበር፤ አሸዋ ከወንዙ ወለል በብዛት የሚነሣው በሙላቱ ጊዜ ነውና። ገንዘቡ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ2010ሩ የነዳጅ ፍሳሽ ካሳ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2023 ተጀመረ፣ ወጪው ከ3 ቢሊዮን ዶላር አለፈ፣ በ2025 ግዛቲቱ ሰረዘችው። ወንዝ ደለል ተሸክሞ መሬት መሥራት አይችልም ያለ የለም። ጣጣው ወጪው፣ ክሱና የአጥማጆቹ ተቃውሞ ነው። ጨው የለመደ ውሃ ውስጥ ኦይስተርና ሽሪምፕ የተባሉ የሚበሉ የባሕር እንስሳት የሚያመርት ሰው፣ ጣፋጭ ውሃ በብዛት ሲለቀቅበት ምርቱ ይሞትበታል። እ.ኤ.አ. በ1991 በተከፈተው በካርናርቮን ጠለፋ ኦይስተር አምራቾች ከሰው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተፈርዶላቸው ነበር፤ በ2004 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሻረው። ጠብ ያለው እንግዲህ ጉዳቱን ማን ይሸከም በሚለው ላይ ነው።

በዚያው ባሕር ዳርቻ ዋክስ ሌክ የሚባል ቦይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1942 የተቆፈረው ለጎርፍ ማስተንፈሻ ነው፤ መሬት ይሠራል ብሎ የቆፈረው የለም። ከ1973ቱ ጎርፍ በኋላ ግን አፉ ላይ አዲስ መሬት ብቅ አለ፣ እስከ ዛሬም እየሰፋ ነው። ዌስት ቤይ የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ተከፍቶ መርከቦች መልሕቅ የሚጥሉበትን ቦታ ደለል ሞላው፤ የዚያን መጥረጊያ ማን ይክፈል ተብሎ ሊዘጋ ምንም አልቀረው ነበር። ባዩ ዱፖንት ላይ የወንዙን አሸዋ በቧንቧ ገፍተው ወዲያው መሬት ሠርተዋል። እዚያ ግን መሬቱ መስመጡን አያቆምምና ውሎ አድሮ ድጋሚ መሙላት ይጠይቃል።

አሁን ግልገል ዓባይን እንይ። የእነሱ ወንዝ ደለል ተርቧል፣ የእኛ ደግሞ ጠግቦ ይተፋል፤ አፉ ላይ ያለው መሬት ወደ ሐይቁ እየገፋ ነው። የጭምባ ረግረግ የጠፋው ሰምጦ ሳይሆን ደርቆና ታርሶ ነው። ስለዚህ 40 ሄክታሩን በደለል ከፍ ማድረግ ለማረሻ ማመቻቸት እንጂ ረግረግ መመለስ አይደለም። የጎደለው ውሃ የሚተኛበት ጊዜ ነው።

ጋቢዮን፦

ከላይ የተባለው ላይ ቁጥር ልጨምር።

ድሬጀር፦ አንድ ሄክታር በ50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ለማድረግ 5,000 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ሸክላ ደለል ሲደርቅና ሲረጋ ስለሚሟሽሽ 7,500 ቁረጡ። 40 ሄክታር 300,000 ይሆናል። ማሽኑ የሚገፋው ግን ደረቅ አፈር ሳይሆን የተበጠበጠ ጭቃ ነው፤ ከ100 ሊትር ውስጥ ደለሉ ከ10 እስከ 20 ሊትር ቢሆን ነው። በ15 ብናሰላ 2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ መግፋት አለባችሁ። በሰዓት 500 ሜትር ኩብ የሚገፋ ፓምፕ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 400 ቀን ነው፤ ይህ ብልሽት፣ የናፍጣ እጥረትና የክረምት ማቆሚያ ሳይታሰብ ነው። የተገፋው ጭቃ እንዳይመለስ ዙሪያውን ክትር፣ መውጫው ላይ ሳንቃ እየተጨመረ የሚነሣ ሳጥን ያስፈልጋል። ሳንቃው በችኮላ ዝቅ ካለ ደቃቁ ሸክላ ከውሃው ጋር ወደ ጣና ይመለሳል፣ ገንዘባችሁም አብሮ። የወንዙ አፍ ደግሞ ያለ ጥርጥር በተከታዩ ክረምት ይሞላል።

ሌላም አለ። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ 15 እና 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል። በፎገራና በደምቢያ በኩል የሠራ ማሽን ቧንቧውና መቁረጫው ሳይታጠብ፣ ሳይደርቅ ወደ ጎጃም ዳርቻ ቢመጣ አረሙን አብሮ ያመጣል።

ጠለፋ፦ እዚህ ላይ የሚያበላሸው ትልቅ መቁረጥ ነው። ከዋናው ወንዝ ይልቅ በአጭር መንገድ፣ በቁልቁለት ወደ ሐይቁ የሚደርስ ቀዳዳ ከከፈታችሁ ወንዙ እሱን መርጦ ራሱ ያሰፋዋል። በአንድ ክረምት አዲስ ወንዝ ይሆንና የታችኛው መንደር ያለ ውሃ ይቀራል። ስለዚህ፦

ቦታው ወንዙ የሚገርፈው የመታጠፊያ ውጫዊ ጎን አይሁን፤ ቀጥ ያለውን ምረጡ። ቦዩ ከወንዙ አቅጣጫ ጋር ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ወደ ታች ይክፈት። ደፉ (ውሃው በላዩ አልፎ ወደ ቦዩ የሚገባበት መድረክ) በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሣጥን ይሠራ፤ 2 በ1 በ1 ሜትር የሆነው የተለመደው ሣጥን ይበቃል፣ ድንጋዩ ከሽቦው ቀዳዳ የሚበልጥ ይሁን። ግራና ቀኝ ዳሩ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይግባ። ከሥሩ ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) ወይም ከደቃቅ ወደ ሻካራ የተደረደረ ጠጠር ካልተነጠፈ ውሃው ከታች አፈሩን እየሰረቀ ጋቢዮኑን ያንጠለጥለዋል። ጋቢዮን ሲወድቅ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከላይ ደህና የመሰለው ባዶ ላይ ቆሞ ይገኛል። ውሃው የሚወርድበት ፊት ለፊት ደግሞ ከውድቀቱ ሦስት እጥፍ የሚረዝም የድንጋይ ንጣፍ ይኑረው።

የደፉ ከፍታ ከበጋው ውሃ በላይ፣ ወንዙ ከዳር ከመፍሰሱ በታች ይሁን። በመጀመሪያው ዓመት ስፋቱ ከ3 ሜትር አይለፍ። ደፉ ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሲኖር በሰኮንድ 1.8 ሜትር ኩብ ገደማ ያሳልፋል፤ በቀን 40 ሄክታሩን በ39 ሳንቲ ሜትር የሚሸፍን ውሃ ነው። ውሃው በሊትር 2 ግራም ደለል ይዟል፣ ግማሹም ይቀራል ብንል በ60 ቀን የሚከማቸው 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። መሬቱ ሳይደፈን ውሃ ይጠጣል ማለት ነው፤ እናንተ የምትፈልጉትም ይኼን ነው። ውሃውን ለማብረድ በየ50 ሜትሩ ከእንጅባራ በኩል በሚመጣ ቀርከሃ አጥር ጠልፉለት፤ ግማሽ ሜትር ከፍታ ይበቃል።

መውጫ አትርሱ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ላቤዮባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች በወንዙ አፍ ተሰብስበው ለመራባት ወደ ላይ ይወጣሉ። በቀዳዳው የገባ ዓሣ ውሃው ሲሸሽ ኩሬ ውስጥ ቀርቶ የወፍ ሲሳይ እንዳይሆን፣ ከዝቅተኛው ቦታ ወደ ወንዙ የሚመለስ ቦይ ይቆፈር።

ባሕር_ሸሽ፦

ሁለታችሁም ስለ ወንዙ አወራችሁ፣ ስለ በሩ አልነካችሁም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ተሠርቶ በ1993 በሮቹ ከ2 ወደ 7 ከፍ ብለዋል። ሐይቁን ከባሕር ጠለል በላይ በ1,784 እና በ1,787 ሜትር መካከል እንዲያስተዳድር ነው የታሰበው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ፤ 460 ሜጋዋት ነው፣ ውሃውን በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ወደ በለስ ይወስዳል። እንግዲህ ትልቁ የወንዝ ጠለፋ ከተሠራ ቆይቷል፤ 40 ሄክታሩን የሚያረጥበውም የሚያደርቀውም በዋነኛነት እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ ክፉኛ ሲወርድ ጀልባ ቆመ፣ የተጋለጠውም መሬት ወዲያው ታረሰ።

የመጀመሪያው ሥራ ስለዚህ ቅየሳ ነው። በእጅ ጂፒኤስ ከፍታ አትለኩ፤ ስህተቱ በሜትር ነው። ሌቭል ወይም ቶታል ስቴሽን በሚባሉት የቅየሳ መሣሪያዎች፣ ከታወቀ ቤንች ማርክ (ከፍታው ከተለካ ቋሚ ምልክት) ተነሥታችሁ፣ በየ50 ሜትሩ ንባብ ውሰዱ። ከሺህ አንድ በሚያዘቀዝቅ ሜዳ ላይ የ20 ሳንቲ ሜትር ስህተት የደንገሉን መስመር በ200 ሜትር ያዛንፈዋል። የሐይቁ መለኪያ ዘንግ ላይ የሚነበበው ቁጥርም ከባሕር ጠለል በላይ ያለ ከፍታ አይደለም፤ የዘንጉ ዜሮ የት እንዳለ ሳትጠይቁ ሁለቱን አታዳብሉ። ወተት ዓባይ ላይ ያለው የወንዙ መለኪያም የሚያየው ከተፋሰሱ ግማሽ እንኳ አይሞላም፣ የአፉን ሙላት ከእሱ ቀጥታ አትውሰዱ።

የመሬቱ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ባሕር ሸሽ (ሐይቁ ሲሸሽ የሚጋለጠው መሬት) ላይ ደብተር ያለው፣ በልማድ የሚያርስ፣ በድርሻ የሚያሳርስ፣ በበጋ ብቻ ከብት የሚያሰማራ አለ። ስማቸው ሳይሆን ወራቸው ይመዝገብ፦ ማን በየትኛው ወር ምን ያደርግበታል? ከኅዳር እስከ ግንቦት ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ሰው ሰብሉን በሙሉ ያጣል፤ ሣር የሚያጭደው ግን ሊጠቀም ይችላል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ካሳ ብታስቡ የመጀመሪያው በሌሊት መጥቶ ጋቢዮኑን ይከፍተዋል፤ ሉዊዚያና ላይ ክስ የሆነው እዚህ ዶማ ይሆናል። የሣርና የደንገል ድርሻ በመተዳደሪያ ደንብ ተጽፎ፣ መሬቱን የሚለቁት ቀድመው እንዲያጭዱ ይደረግ። ባለ ታንኳዎቹ ስብሰባ ላይ ይጠሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው።

ቁንዝላ_ማዶ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ድሬጀሩን የሚተው ይመስላል። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ደንገሉ በራሱ ይመጣል ወይስ ይተከላል? ቀደም ሲል በሰኔ የተተከለው ሁሉ ጠፍቷል ይባላል።

ደለል_መዛኝ፦

በሰኔ መትከል ነው ያጠፋው። ሐይቁ ዝቅ የሚለው በግንቦት መጨረሻና በሰኔ፣ የሚሞላው በመስከረም ነው፤ በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይነሣል። በሰኔ የተተከለ ቡቃያ ገና ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ ውሃ ይውጠዋል። ውሃው መሸሽ ሲጀምር፣ ከጥቅምት አጋማሽ አንሥቶ፣ የሚሸሸውን ዳር እየተከተላችሁ ትከሉ። እስከሚቀጥለው ክረምት ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል።

የሚተከለው ግንዱ ሳይሆን ሥሩ ነው። ቢያንስ ሁለት ቡቃያ ያለው፣ ክንድ የማይሞላ የሥር ቁራጭ ውሰዱ፤ ላዩን ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ተዉና ቁረጡት። ቡቃያው ከውሃ በላይ ይሁን። በሜትር አንድ ከሆነ ለሄክታር 10,000 ይሆናል። 40ውንም ሄክታር አትትከሉ፤ 20 ሜትር ስፋት ያላቸው ድርድሮች በዝቅተኛው በኩል ይበቃሉ፣ ቀሪውን ራሱ ይይዘዋል። ጥር ላይ አንድ ክንድ ቆፍራችሁ ውሃ ካላገኛችሁ ቦታው ለደንገል አይሆንም፣ ለቄጠማ ተዉት።

ጋቢዮን፦

ከብቱን አትርሱ። ለጋ ደንገል የበጋ መኖ ስለሆነ ሁለት በጋ ሙሉ ይከለከል። ከዚያ በኋላ አጨዳው በዓመት ከአንድ ጊዜ አይብለጥ፣ ማጭዱም ከውሃው በላይ ይሁን። ከውሃ በታች የተቆረጠ ጉቶ ውስጡ ውሃ ገብቶ ሥሩን ያበሰብሰዋል።