ፕሮግራሜ 2,147,483,647ን «ብቸኛ አይደለም» አለኝ፤ ስህተቱ የት ነው?

ጠያቂ፣ ከደብረ ሲና
ጤና ይስጥልኝ። ለሒሳብ ክበብ ልጆቼ ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ የማይካፈል) የሚለይ ትንሽ ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ ጻፍኩ። «ለ» የሚፈተነው ቁጥር ነው፣ «ሀ» ደግሞ አካፋዩ። ሀ ከ3 ይነሳና ሁለት ሁለት እየጨመረ ያካፍላል፤ ሀ × ሀ ከለ ሲበልጥ ያቆማል። 2,047 ሰጠሁት፣ 23 × 89 መሆኑን ወዲያው ነገረኝ። 2,147,483,647 ላይ ግን ድርቅ አለ። ሻይ ቀድቼ ስመለስ «ብቸኛ አይደለም፣ አካፋዩ 2,147,483,647» ይላል። በራሱ ተካፈለ ብሎ! ነገ ለልጆቹ ላሳያቸው ነው፣ እባካችሁ ድረሱልኝ።

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን
እህቴ፣ ቁጥሩ ብቸኛ ነው። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1772 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ነው። ችግሩ ኢንት (ፕሮግራምሽ ሙሉ ቁጥር የሚያስቀምጥበት ዓይነት) ላይ ነው። ባለ 32 ቢት ኢንት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር ራሱ 2,147,483,647 ነው። ሀ 46,341 ሲደርስ ሉፑ (የሚደጋገመው ማካፈል) መቆም ነበረበት። 46,341 × 46,341 ግን 2,147,488,281 ነው፤ ኢንት ውስጥ አይገባም። ሞልቶ ይገለበጥና አብዛኛውን ጊዜ −2,147,479,015 ይሆናል። ይሄ ደግሞ ከለ አይበልጥም። ከለ የሚበልጥ ኢንት እኮ ጭራሽ የለም! ስለዚህ ሉፑ ሳይቆም ራሱ ቁጥሩ ጋ ይደርሳል፣ ቀሪው 0 ይሆናል። ሀ × ሀ የሚለውን አጥፊና «ሀ ከለ ÷ ሀ እስካልበለጠ» አድርጊው። ሁለቱንም ሎንግ ሎንግ (ከኢንት የሰፋ የቁጥር ዓይነት) ብታደርጊም ይሠራል።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ
ወንድማችን ልክ ብሏል። እኔ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬያለሁና አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጆቹ ወረቀት ላይም ይሥሩት። ቁጥሩ 2³¹ − 1 ነው። 31 ብቸኛ ስለሆነ፣ ማንኛውም አካፋዩ ለ62 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን አለበት። ለ8 ሲካፈል ደግሞ ቀሪው 1 ወይም 7 ነው። ያንቺው 2,047 እኮ 2¹¹ − 1 ነው፤ 23 እና 89 ለ22 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ነው፣ አይተሽ አረጋግጪ። በዚህ ወንፊት እስከ 46,340 ድረስ የሚቀሩት 373 ቁጥሮች ብቻ ናቸው። 63 እና 249 በ3 ስለሚካፈሉ ይውጡ። የመጀመሪያው እውነተኛ ተፈታኝ 311 ነው፦ 6,905,092 ጊዜ ደርሶ 35 ይቀራል። ቀጥሎ ያለው ብቸኛ 1,303 ነው፤ እሱም 226 ያስቀራል። ለ40 ልጅ ብታከፋፍይው ለአንዱ አሥር እንኳ አይደርስም። ኦይለርም ኮምፒዩተር አልነበረውም።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት
ለልጆቹ ይህንንም ንገሪልን፦ በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. የተገኘው ብቸኛ ቁጥር፣ 2 በ136,279,841 ርቢ ሲቀነስ 1፣ 41,024,320 አሃዝ አለው። እሱም የ2 ርቢ ሲቀነስ 1 ስለሆነ የዚሁ ቁጥር ዘመድ ነው።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ! «ለ ÷ ሀ» አደረግኩት፣ ኢንተርን ከመጫኔ «ብቸኛ ነው» አለ። ጋሼ፣ 373ቱን ቁጥሮች በትንንሽ ወረቀት እየጻፍኩ ነው። ነገ ዕጣ አድርጌ አወጣላቸዋለሁ።