አስቸኳይ! የቤተሰብ ፎቶ ዳር ያሉትን ሰዎች አበላሸብኝ

ሰላም22፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! እናቴ ዛሬ ማታ ወደ አሜሪካ ትመለሳለች። ጠዋት ሁላችንንም ሳሎን ሰብስቤ ፎቶ አነሳሁ። 22 ሰው ነን። መሃል ያሉት ደህና ናቸው። አያቴ ግን ቀኝ ዳር ነበረች፤ ጭንቅላቷ ወደ ጎን ተለጥጧል፣ ትከሻዋ የሁለት ሰው አክሏል። አይታው «ይቺ እኔ ነኝ?» ስትል አንጀቴን በላችው። ሌንሱ ተበላሽቶ ነው? 11 ሰዓት እንወጣለን።

የፒያሳው፦ በምንድነው ያነሳሽው? ስልክ ነው ካሜራ?

ማሂ፦ ዙሙ 0.5 ላይ፣ ሰፊው ሌንስ ላይ ሆኖ ነው። ወደ 1 መልሺው።

ሰላም22፦ አዎ ስልክ ነው፣ 0.5 ላይ። በ1 ግማሹ ሰው አይገባም እኮ! ኮንዶሚኒየም ነው፣ ጀርባዬ ግድግዳ ነክቷል።

ጋሽ ካሜራ፦ ልጄ፣ ሌንሱ ጤነኛ ነው። ዋይድ፣ ማለት ሰፊ ቦታ የሚያሳይ ሌንስ፣ ጠባዩ ነው። በብዙ ስልክ 0.5 የሚባለው የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በፉል ፍሬም (እንደ ድሮው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም መጠን) ሲሰላ 13 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ የሚያሳየው ይሰፋል፤ 1 ደግሞ ከ24 እስከ 26። ሰፊውን ክፍል ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ቀጥ አድርጎ ለማሳየት ዳሩን ይስበዋል። ግድግዳው ቀጥ ይላል፣ ክብ የሆነው ጭንቅላት ግን ይለጠጣል። በ13 ግራ ወይ ቀኝ ዳር ላይ ያለ ፊት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሰፋል። በ24 የሚጨምረው ሩብ ያህል ብቻ ነው። እኛ በፊልም ዘመን በ28 እንኳ ሰው ዳር አናቆምም ነበር።

ቤቲ ዲዛይን፦ ግማሽ ጨረቃ ሰርታችሁ ቁሙ፣ ሁሉም እኩል ይርቃል።

የፒያሳው፦ ኧረ እንዳታደርጊው! ጨረቃ ሲሠሩ የዳሮቹ ወደ ስልኩ ይጠጋሉ፣ ጭራሽ ይገዝፋሉ። ቀጥ ብላችሁ በሦስት ረድፍ ተጠጋጉ። ከግራም ከቀኝም ባዶ ቦታ ተዪ፣ በኋላ ትቆርጪዋለሽ። ስልኩን በደረት ከፍታ ቀጥ አድርገሽ ያዢ። አያትሽን መሃል አስቀምጫቸው።

አቤል፦ እኔ ግን አልገባኝም። 22 ሰው ሳሎን ውስጥ ምን አስጨነቃችሁ? አምስት አምስት እያደረግሽ አንሺ።

ሰላም22፦ እናቴ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የምትፈልገው። ፍሬም አድርጋ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ነው።

ማሂ፦ 1 ላይ አድርጊው አልኩሽ እኮ።

የኮንዶው ልጅ፦ ደረጃው ላይ ውጡ! እኛ ለእህቴ ምርቃት እንደዚያ ነው ያደረግነው። ሰዉ በየደረጃው ሲቆም ፊቱ አይሸፋፈንም፣ ስፋቱም ያጥራል። አንቺ ግቢው ውስጥ ራቅ በይና በ1 አንሺ። አያትሽ መውጣት ካቃታቸው ታች ወንበር ላይ መሃል ይቀመጡ።

ጋሽ ካሜራ፦ ይሄ ጥሩ ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት እንዳትመታቸው፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ቤቲ ዲዛይን፦ እማማን ዳር አስቀምጠሽ እንኳን ሳይረግሙሽ ቀሩ 😂

ሰላም22፦ አሁን 10 ሰዓት ተኩል ነው። ወንድሜ ወንበሩን እያወረደ ነው። አያቴ ነጠላዋን ቀይራ ወረደች።

የፒያሳው፦ ተሳካ?

ጋሽ ካሜራ፦ ልጄ፣ ተነሣችሁ?