የቀድሞ የካውንስል ፍላት ሊዝ 80 ዓመት ከ7 ወር ቀረው፤ አሁን ላራዝም ወይስ አዲሱን ሕግ ልጠብቅ?

የደቡብ ለንደኗ

ሰላም ወገኖች። እዚህ እንግሊዝ አገር የፍላት ሊዝ (ፍላቱን የምንይዝበትን የተወሰነ ዘመን) ያራዘማችሁ ካላችሁ ምክር እፈልጋለሁ። ያለን ባለ ሁለት መኝታ የቀድሞ የካውንስል ፍላት ነው። የገዛነው ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) በራይት ቱ ባይ፣ ማለትም ተከራዩ ቤቱን እንዲገዛ በሚፈቅደው መብት፣ ከሸጠለት ሰው ነው፣ እሱ የገዛው በ1998 ነበር። ራይት ቱ ባይ 125 ዓመት ይሰጣል ሲባል ስለምንሰማ ወደ 98 ዓመት ይቀረናል ስንል ነበር። አሁን ሞርጌጅ ልንቀይር ስንል ብሮከሩ ወረቀቱን አይቶ "የቀራችሁ 80 ዓመት ከ7 ወር ነው፣ ቶሎ በሉ" አለን። 17ቱ ዓመት የት ገባ? ካውንስሉ ጋ ስደውል ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይወረውሩኛል፣ የስልኩን ሙዚቃ በቃሌ ይዤዋለሁ።

አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ "አትቸኩዪ፣ 990 ዓመት የሚሰጥ አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ ዋጋውም ይወርዳል" ትለኛለች። እውነቱን ለመናገር ገንዘቡም አሁን እጃችን ላይ የለም፣ የዕቁብ ተራዬ የሚደርሰው መስከረም ላይ ነው። ባለቤቴ ለሥራ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ቤቱ ግን በሁለታችን ስም ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

ሸገር ክሮይደን

እህቴ፣ ዓመቱን የበላው የለም። የካውንስል ሕንፃ ላይ ይሄ የተለመደ ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ መጀመሪያ የተሸጠው ፍላት 125 ዓመት ከተሰጠው፣ ካውንስሉ ከዚያ በኋላ የሚሸጣቸውን ማብቂያ ቀን ከመጀመሪያው ጋር አንድ እንዲያደርግ ሕጉ ይፈቅድለታል። ስለዚህ አንዱ ጎረቤትሽ በጁን 1981 ገዝቶ ከሆነ በ1998 የገዛም በ2005 የገዛም ሊዙ የሚያበቃው እኩል በጁን 2106 ነው። ሕንፃው በሙሉ አብሮ ነው ወደ 80 የሚወርደው። ጎረቤቶችሽንም ንገሪያቸው፣ ብዙ ሰው ሊሸጥ ሲል ነው የሚሰማው።

ብሮከሩን ብቻ አትመኚ። ላንድ ሬጅስትሪ (የመንግሥት የንብረት መዝገብ ቤት) ድረ ገጽ ገብተሽ ታይትል ሬጅስተሩን፣ የባለቤትነት መዝገቡን ማለት ነው፣ በ7 ፓውንድ አውርጂ፣ ሊዙ የጀመረበት ቀንና የዓመቱ ብዛት እዚያ ላይ ተጽፏል። ሌሎች ድረ ገጾች ያንኑ ወረቀት በብዙ እጥፍ ስለሚሸጡ የመንግሥቱ መሆኑን አይተሽ ክፈዪ። ነጻ ምክር ደግሞ ከሊዝሆልድ አድቫይዘሪ ሰርቪስ ታገኛለሽ፣ መንግሥት ነው የሚደጉማቸው። ዋጋ ማስሊያም አላቸው፣ ግምት ብቻ ቢሆንም።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ከምናውቀው ሊዝ ጋር አታምታቺው። እዚያ የመሬት ነው። እዚህ የገዛሽው ፍላቱን ራሱን ለተወሰነ ዘመን ነው።

ሰርቪስ ቻርጅ ያማረረው

እኔ በ2023 አራዝሜያለሁ፣ የኔ ፍሪሆልደር (የሕንፃው ባለቤት) የግል ነው፣ ያንቺ ካውንስሉ ነው። 80 የምትባለዋ ቁጥር ቀልድ አይደለችም። ሊዝ ሲረዝም የፍላቱ ዋጋ ከፍ ይላል። የቀረሽ ከ80 ዓመት በላይ ከሆነ ያ ጭማሪ ሙሉ ለሙሉ ያንቺ ነው። 80 እና ከዚያ በታች ከሆነ ግን ግማሹን ለፍሪሆልደሩ ትከፍያለሽ። ማሬጅ ቫልዩ የሚሉት እሱን ነው። በአንድ ቀን ልዩነት ሺዎች ሊጨምርብሽ ይችላል ማለት ነው።

አሁን ጥሩው ነገር፦ የሚቆጠረው ሴክሽን 42 የሚባለውን ሊዝ የማራዘም ጥያቄ ማስታወቂያ ለፍሪሆልደሩ የሰጠሽበት ቀን ነው። ገንዘቡን የምትከፍዪበት ቀን አይደለም። ሊዝሽ 80 ዓመት ከሚደርስበት ከጁን በፊት ከሰጠሽ ቀኑ እዚያው ላይ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ድርድሩ ቢንዛዛም ማሬጅ ቫልዩ አይመጣብሽም። ካውንስሉ መልስ እንዲሰጥ ቢያንስ ሁለት ወር ትሰጪዋለሽ። መልሱ ከመጣና በዋጋ ካልተስማማችሁ ትራይቡናል (እንዲህ ያለውን ክርክር የሚዳኝ ችሎት) ለማመልከት ስድስት ወር አለሽ። ማርች ላይ ብትሰጪ ሜይ አካባቢ መልስ፣ ከዚያ እስከ ኖቬምበር ድርድር። ዕቁብሽ መሀል ላይ ይገባል!

ግን መያዣ ሊጠይቁሽ ይችላሉ፣ በማስታወቂያው ላይ ከጻፍሽው ዋጋ 10 በመቶ ወይም 250 ፓውንድ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን። 20 ሺህ ብትጽፊ 2 ሺህ መሆኑ ነው። የነሱን ተገቢ የሕግና የግምት ወጪም አንቺው ነሽ የምትከፍዪው። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል። ስድስት ወሩን ደግሞ በምንም ተዓምር እንዳታሳልፊ። ካለፈ ማስታወቂያው እንደተሰረዘ ይቆጠራል፣ ለ12 ወርም ሌላ መስጠት አትችዪም፣ በዚያ መሀል ከ80 በታች ትወርጃለሽ።

ዋጋውን ከራስሽ አትጻፊ። የሊዝ ማራዘም ሥራ የሚያውቅ ሰርቬየር ይገምትልሽ። የቤት መግዣውን ወረቀት የሠራላችሁ ሶሊሲተር (ጠበቃ) ሁሉ ይሄን ሥራ አያውቅም፣ ጠይቂ።

ጠብቄ አያለሁ

ሁሉም ሰው ይቸኩል የሚለው ነገር አይዋጥልኝም። የኔ 72 ዓመት ነው የቀረው። እኔ ማሬጅ ቫልዩ ውስጥ ገብቻለሁ፣ አሁን ባራዝም ሙሉውን እከፍላለሁ። የ2024ቱ ሕግ እሱን ያስቀራል፣ 90 ዓመት የነበረውን ጭማሪም 990 ያደርገዋል። ትልልቆቹ ፍሪሆልደሮች ሊያስቆሙት ሃይ ኮርት ሄደው ኦክቶበር 2025 ላይ ተሸንፈዋል። ስለዚህ እኔ እጠብቃለሁ።

ሰርቪስ ቻርጅ ያማረረው

ወንድሜ አንተ ልክ ልትሆን ትችላለህ፣ የሷ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሕጉ በሜይ 2024 ጸደቀ እንጂ 990ውም የማሬጅ ቫልዩ መቅረቱም ሥራ ላይ አልዋለም። እስካሁን ከሊዝ ማራዘም ጋር በተያያዘ ሥራ ላይ የዋለው ፍላቱን ከገዛህ በኋላ ሁለት ዓመት መጠበቅ አለብህ የሚለው መቅረቱ ነው፣ ከጃንዋሪ 31፣ 2025 ጀምሮ። እሷ አሁን ብታራዝም ማሬጅ ቫልዩ አትከፍልም። ብትጠብቅና ሕጉ ከጁን በፊት ባይደርስላት ልትከፍል ነው። አሁን የሌለባትን ዕዳ ወደፊት ይነሳልሻል ተብላ ለምን ትግባበት? 80 ላይ 90 ሲጨመር 170 ዓመት ነው፣ ለልጅ ልጆቿም ይበቃል።

አንተም 70 ሳይደርስ አስብበት። ከዚያ በታች ብዙ ባንኮች ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ልትሸጥ ብትል ገዢው ሞርጌጅ አያገኝም።

የደቡብ ለንደኗ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የዕቁቡ ነገር ትልቅ እፎይታ ነው። ካውንስሉ እንደ ስልኩ ዝም ቢለኝስ? ባለቤቴስ መምጣት አለበት?

ሸገር ክሮይደን

ዝም ካለ ለሱ ይብሳል። በማስታወቂያው ላይ የሰጠሽው ቀን ሳይመልስ ካለፈ፣ ስድስት ወር ሳይሞላ ካውንቲ ኮርት አመልክተሽ ራስሽ በጻፍሽው ዋጋ ማራዘም ትችያለሽ። ለዚህ ነው ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ግን የማያሳፍር መሆን ያለበት።

ባለቤትሽን በተመለከተ ማስታወቂያው በሁለታችሁም ስም መውጣት አለበት፣ ባንቺ ብቻ ከወጣ ዋጋ የለውም። ሶሊሲተሩ ስለ ሁለታችሁ መፈረም ስለሚችል ለዚያ አይመጣም። አዲሱን ሊዝ ግን ወይ ራሱ እዚያው አዲስ አበባ ምስክር ፊት ፈርሞ ይልካል፣ ወይ ውክልና ይሰጥሻል። ሶሊሲተሩ መታወቂያውን ማጣራቱ ስለማይቀር ፓስፖርቱ ጊዜው እንዳላለፈ ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂው።