ፊኒክስ ሳይክል ልግዛ ወይስ ባለማርሽ? ጨንቆኛል

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሳይክል የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ሥራዬ አዲሱ ገበያ። የታክሲ ሰልፍ ስላማረረኝ ሳይክል ልገዛ ቆርጫለሁ። ችግሩ ልቤ ያለው ፊኒክስ ላይ ነው። አባቴ ጥቁር ፊኒክስ ነበረው። እሁድ እሁድ ሰንሰለቱን በዘይት ጨርቅ ሲወለውል፣ እኔ ፔዳሉን በእጄ አዞርለት ነበር። ማታ መምጣቱን የምናውቀው ጎማው ላይ እየታሸች መብራቱን በምታበራው ዲናሞ ድምፅ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሱቅ ውስጥ አዲሱን አየሁት። ያው ጥቁር ቀለም፣ ምልክቱም ያችው የፊኒክስ ወፍ። ጎማው 28 ኢንች፣ ፍሬኑም በሽቦ ሳይሆን እንደ ድሮው በብረት ዘንግ የሚጎተት። የሻንጋይ ምርት ነው፤ ታሪኩ እ.ኤ.አ. እስከ 1897 ይሄዳል። ግን ማርሽ የለውም! ማታ ስመለስ የእንጦጦን ዳገት በምን ጉልበቴ ልወጣው ነው? ጠዋት ቁልቁል ስወርድስ? የብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ፍሬን በደንብ አይዝም።

ሻጩን ብጠይቀው «ወንድሜ፣ አባትህ ይወጣው የለ እንዴ?» ብሎ አፌን አስያዘኝ። እውነቱን ለመናገር አባቴ ዳገቱን የሚወጣው ሳይክሉን እየገፋ ነበር።

ባለቤቴ ደግሞ ባለ 21 ማርሽ ማውንቴን ካልሆነ አትግዛ ብላለች።

የኋላ ጎማው ላይ ማርሽ ያስገጠመ አለ? ማርሹ የሳይክሉን ክብደት ይችለዋል? የ28 ከመነዳሪስ እንደ ልብ ይገኛል? ቶሎ መልሱልኝ፤ ሻጩ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው የያዘልኝ።