«ለግል ጥቅም መቅዳት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጠያቂ፦
ዲስክን ለራስ መቅዳት በሕግ ስላለው ቦታ የሚያትት ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ለግል ጥቅም መቅዳት» የሚለው ሐረግ ሐሳቡን በትክክል ይገልጻል? «መቅዳት»፣ «መገልበጥ» እና «ማባዛት»ስ ይለያያሉ? እንዳይቀዳ በዲስኩ ላይ የተደረገውን መከላከያ ያለፈን ሰው «ቁልፉን ሰበረ» ብዬ ብተረጉመው ያስኬዳል?

መላሽ፦
«ለግል ጥቅም» የሚለውን ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ። አንድ ሰው አንድን ነገር «ለግል ጥቅሙ አዋለው» ሲባል፣ ሰሚው ወዲያው የሚያስበው የሌላውን ንብረት ኪሱ የከተተን ሰው ነው። የእርስዎ ጽሑፍ ግን የሚያወራው ገዝቶ ያገኘውን ዲስክ ሳይሸጥና ሳያከራይ፣ ራሱ ሊያዳምጥበት ተጨማሪ ቅጂ ስለሚያወጣ ሰው ይመስለኛል። «ለግል መገልገያ» ቢሉት ሐሜቱ ይቀራል።

«መቅዳት» ውሃ ከመቅዳት የመጣ ነው፤ እንስራው ሲሞላ ምንጩ አይነጥፍምና ለድምፅና ለምስል መዋሱ ያምርበታል። «መገልበጥ» የጽሕፈት ቤት ሽታ አለው፤ «ግልባጭ» ሲባል ደብዳቤ እንጂ ሙዚቃ አይታየንም። የሕግ አማርኛ የሚመርጠው «ማባዛት»ን ሲሆን፣ አንዲት ቅጂ ብቻ ማውጣትም ማባዛት መባሉ ጆሮን ቢያስገርምም ሕጉ የሚጠይቀው ስንት ቅጂ እንደወጣ ሳይሆን ቅጂ መውጣቱን ነው።

በ«ሰበረ» ላይ ግን ልዘግይ። ፊልም ባለባቸው ብዙ ዲቪዲዎች ላይ ያለው ሲኤስኤስ የተባለው ማመስጠሪያ (ፊልሙ ያለ ቁልፍ እንዳይታይ የሚቆልፈው ዘዴ) 40 ቢት ርዝመት ባላቸው ቁልፎች፣ ማለትም በምስጢር ቁጥሮች ይሠራል። ከቁልፎቹ ከፊሎቹ የሚቀመጡት በዲስኩ ውስጠኛ ጠርዝ፣ ተራ ባዶ ዲስክ ሊጻፍበት በማይችል ቀለበት ላይ ነው። ስለዚህ ፊልሙን ቢት በቢት ሳያጎድል የቀዳ ሰው በእርግጥ ቀድቷል፤ ቁልፎቹ ስለሚጎድሉት ግን ማጫወቻው ያንን ቅጂ መፍታት አይችልም። መቅዳትና መፍታት ሁለት ድርጊቶች ናቸው፤ «ኮፒ አደረገ» የሚለው የዕለት ተዕለት አነጋገራችን ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይውጣቸዋል። ሕጎቹ ግን ለይተዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ በአንቀጽ 5 አባል አገሮች ለባለመብቱ ተገቢ ካሳ እስካለ ድረስ ለግል መገልገያ ማባዛትን እንዲፈቅዱ ይተውና፣ በአንቀጽ 6 ደግሞ መከላከያውን ማለፍ እንዲከለከል ያዛል። ጀርመን ውስጥ ማለፉ የተከለከለ ሆኖ፣ ለራስ ብቻ የተደረገ ከሆነ ግን በወንጀል አያስቀጣም።

ሌላ አባል፦
በመላሹ ሐሳብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛ ቤት የሚሰበረው የሌላ ሰው ሲሆን ነው፤ ቁልፉ ጠፍቶበት የራሱን በር የገነጠለን ሰው «ቤት ሰባሪ» የሚለው የለም። ኖርዌይ ውስጥ የዲቪዲን ምስጢር የሚፈታ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ በመደረጉ ምክንያት የተከሰሰው ዮን ዮሃንሰን በ2003 በመጀመሪያ ደረጃም በይግባኝም ፍርድ ቤት ነፃ ሲወጣ፣ የክርክሩ እምብርት ይኸው ነበር፦ በሕጋዊ መንገድ የገዛውን ፊልም ለማየት መከላከያውን ያለፈ ሰው ሰብሮ እንደገባ ሊቆጠር ይችላል ወይ የሚለው። «ሰበረ» ብለው ከተረጎሙ ፍርዱን ከዳኛው ቀድመው ሰጥተዋል።

ጠያቂ፦
«መከላከያውን ማለፍ» እለዋለሁ። ግን መመሪያው የሚጠብቀው ማንኛውንም መከላከያ ሳይሆን «ውጤታማ» የሆነውን ነው። ያለፉት መከላከያ እንዴት ውጤታማ ይባላል?

መላሽ፦
ጥያቄዎ ፍርድ ቤት ደርሷል። ፊንላንድ ውስጥ የሄልሲንኪ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ሲኤስኤስን የሚፈቱ መሣሪያዎች በየቦታው በነፃ ስለሚገኙ ከእንግዲህ ውጤታማ ሊባል አይችልም አለ፤ ይግባኝ ሰሚው ግን ሻረው። ችግሩን ያመጣው በከፊል ቃሉ ነው። «ውጤታማ» በእኛ ዘንድ የተሳካለት ማለት ነውና፣ ቃል በቃል ከተወሰደ አንድ ሰው አልፎት በሄደ ቅጽበት ጥበቃውም ያበቃል። መመሪያው የፈለገው ግን ማንም የማይበግረውን ሳይሆን፣ በማመስጠር ወይም በመሰል ዘዴ አጠቃቀሙን የሚቆጣጠረውን ነው። «በተግባር የሚከላከል» ቢሉ ይሻላል እላለሁ፤ ምንም እንኳ «በተግባር» የሚለውም ለሌላ ክርክር በር መክፈቱ ባይቀርም።